«ሪንገር ፖታሲየም አለው» ለሚለው ጥያቄ

እህቴ፣ ከሐረር ወደ አዲስ አበባ ለልምምድ ልትሄጂ ነውና «ለኩላሊት ንቅለ ተከላ ሪንገር ፖታሲየም ስላለው አይሰጥም፣ ሳላይን ብቻ ነው ይሉናል፤ ስንት ሊትር ልስጥ?» ብለሻል። (ሁለቱም በደም ሥር የሚሰጡ ፈሳሾች ናቸው፤ ሳላይን ጨውና ውሃ ብቻ ነው።)

1. ከሊትሩ በፊት የታማሚውን የፈሳሽ ሚዛን ጠይቂ። የመጨረሻው የኩላሊት እጥበት (ዲያሊሲስ) መቼ ነበር? ስንት ፈሳሽ ወጣለት? አሁን ከደረቅ ክብደቱ (ትርፍ ውሃ ከሌለበት ክብደቱ) በላይ ነው በታች? የድሬ ሙቀት ላይ ውሃ በብርጭቆ እየተለካለት የከረመን ሰው፣ በዋዜማው እጥበት ደግሞ ከልክ በላይ ካደረቁት ማደንዘዣው ሲገባ የደም ግፊቱ ይወድቃል። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ነው፣ ጥፋቱ ግን በአኔስቴዥያ ይሳበባል።

2. ሪንገር። አቦ፣ ይሄ ወሬ መቼ ነው የሚያበቃው! በሊትር ያለው ፖታሲየም ከ4 እስከ 5 ሚሊሞል ነው። የደሙ ፖታሲየም 5.5 የሆነን ታማሚ 4 ያለበት ፈሳሽ በምን ተአምር ወደ 6 ያወጣዋል? የሳላይን ክሎራይድ ግን 154 ነው፤ የደም 100 አካባቢ። ሦስት አራት ሊትር ሲገባ ደሙ አሲዳማ ይሆናል፣ ፖታሲየሙም ከሴል እየወጣ ይጨምራል። በ2005 እ.ኤ.አ. በታተመ ንጽጽር ፖታሲየማቸው ከ6 ያለፈው ሳላይን የተሰጣቸው ነበሩ፤ ሪንገር ከተሰጣቸው አንድም የለም። «ሳላይን ብቻ» የሚልሽ ሰው የደም ጋዝ (የደሙን አሲድነት የሚያሳየውን ምርመራ) አስለክቶ ያሳይሽ። ስታርች ያለበትን ፈሳሽ ግን ጨርሶ አትንኪ፣ ኩላሊት ይጎዳል።

3. ስንት ሊትር ለሚለው ቁጥር የለኝም። ሲቪፒ (ወደ ልብ በሚገባው ትልቅ ደም መላሽ ሥር ውስጥ ያለው ግፊት) 12 እስኪደርስ መሙላት የድሮ ልማድ ነው፤ ሳንባ ውስጥ ውሃ ያስገባል። 250 ሚሊ ሊትር እየሰጠሽ ግፊቱ ምን እንዳለ እዪ። ክላምፑ (የአዲሱን ኩላሊት ደም ሥር የያዘው መቆንጠጫ) ሊፈታ ሲል አማካይ የደም ግፊቱ 80 እና ከዚያ በላይ ይሁን፤ አዲሱ ኩላሊት ደም የሚያገኘው በግፊቱ ልክ ነው። ፈሳሽ ሰጥተሽ ካልተነሳ መጨመሩን ትተሽ ትንሽ ኖርአድሬናሊን (ግፊት የሚያነሳ መድኃኒት) ጀምሪ። ፊስቱላ (ለእጥበት የተገናኘ የደም ሥር) ያለበት ክንድ ላይ ካኑላም የግፊት መለኪያም አይታሰርም፤ የፊስቱላውን ትርታ ግን በየመሃሉ በጣትሽ ዳሰስ አድርጊ፣ ግፊት ሲወርድ ውስጡ ያለው ደም ይረጋል።

ከዚያ በኋላ በየሰዓቱ የወጣውን ሽንት እየለኩ መተካት ነው። ብዙ ከሸና ፖታሲየሙ ይወርዳል፣ ደጋግመሽ አስለኪ። አንድ ነገር ቀድመሽ ጻፊ፦ ከቀዶ ጥገናው በፊት በቀን ስንት ይሸና ነበር? በራሱ ኩላሊት 800 ሚሊ ሊትር የሚሸና ሰው ከረጢቱ ላይ ሽንት ስለታየ ብቻ አዲሱ ሠራ አይባልም።