የብሪታንያ ቤተ መንግሥት የጥልፍ ዓርማዎች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከንጉሣዊ ዘበኞች የክብር ልብስ ላይ የተፈታ ነው የተባለ የዘውድ ጥልፍ አለኝ። ዘመኑን በምን ልለየው?

መልስ፦ ከዘውዱ ቅስት ይጀምሩ። እ.ኤ.አ. ከ1901 ጀምሮ በነበሩት ነገሥታት ዘመን የተለመደው ዘውድ ቅስቱ እንደ ጉልላት የከበበ ነው። ከ1953 ወዲህ በንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ጊዜ የተሠራው ግን መሀሉ ላይ ሰርጎድ ይላል። ንጉሥ ቻርልስ ሦስተኛ በ2022 ክቡን ቅርጽ ስለመለሱት፣ ክብ ዘውድ አይቶ ወዲያው ገንዘብ መምዘዝ አይገባም።

ጥያቄ፦ ጽጌረዳ፣ ኮሸሽላና ባለ ሦስት ቅጠል ተክል አብረው ተጠልፈዋል። ምን ያመለክታሉ?

መልስ፦ በቅደም ተከተል የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድና የአየርላንድ ምልክቶች ናቸው። ሦስተኛው የተጨመረው ከ1801ዱ የብሪታንያና የአየርላንድ ውሕደት በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ክሩ እውነተኛ ወርቅ ነው? አስመስለው የሠሩትስ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ በጥሩ ሥራ ላይ የሚገኘው ስስ ወርቅ የተቀባ የብር ሽቦ ነው፤ በርካሹ ላይ መዳብ ይሆናል። በአጉሊ መነጽር ይመልከቱት፦ ሽቦው እንደ ጥቃቅን ሞላ ተጠምዝዞ፣ በልኩ ተቆርጦ፣ መርፌው በባዶ ሆዱ ውስጥ እያለፈ እንደ ጨሌ ተሰፍቷል። ፕላስቲክ መሳይ አንጸባራቂ ክር ካዩ ሥራው የቅርብ ጊዜ ነው። እኔ ግን ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን አምናለሁ። ሻጭ ጀርባውን አላሳይም ካለ ትቼው እሄዳለሁ። በጨለማ ክፍል በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ በጀርባው ያለው ነጩ የስፌት ክር ደማቅ ሰማያዊ ካበራ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተስፋፋው ማንጫ ኬሚካል አለበት ማለት ነው። በዘመናዊ ሳሙና የታጠበ አሮጌ ጨርቅም ስለሚያበራ በዚህ ብቻ አይፍረዱ።

ጥያቄ፦ ጠቁሯል፤ በሎሚ ልወልውለው?

መልስ፦ በፍጹም! ጥቁረቱ ብሩ ከድኝ ጋር ተዋሕዶ የፈጠረው ነው፤ የሱፍ ጨርቁ ራሱ ድኝ አለበት። ሲፈትጉት የሚለቀው ያ ስስ ወርቅ ነው፤ እርጥበቱ ደግሞ ጥልፉን ከፍ ለማድረግ ከሥሩ የሚገባውን ካርቶን ያበሰብሰዋል። ጥቁረቱን ይተዉት።

ጥያቄ፦ አጣጥፌ ሳጥን ውስጥ ባስቀምጠውስ?

መልስ፦ ሽቦው በእጥፋቱ ይሰበራል። ዘርግተው፣ አሲድ የሌለው ስስ ወረቀት ከላይና ከታች አድርገው ከብርሃን ያርቁት። በፍሬም ከሰቀሉት መስታወቱ ጥልፉን አይንካ።

ጥያቄ፦ ጫፉ ተፈትቷል፤ ሙጫ ይያዘዋል?

መልስ፦ ሙጫው ጨርቁን ያደርቀዋል፣ ኋላም አይለቅም። የተፈታውን ሽቦ ሳይጎትቱ ወደ ቦታው መልሰው በቀጭን የሐር ክር ላይ ላዩን ይያዙት።