«ይሄ እንጀራ አይሆንሽም» ለተባልሽው የአንትሮፖሎጂ ተማሪ

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው። የሶሻል አንትሮፖሎጂ ተመራቂ ነሽ። የመመረቂያ ጽሑፍሽን «የ1966ቱ አብዮትና ማኅበራዊ ለውጥ» ላይ መሥራት አሰብሽ። ቤት ውስጥ ግን «ይሄ እንጀራ አይሆንሽም» ተባልሽ።

ርዕሱን አትተዪው፤ አጥብቢው። ንጉሡ እንዴት ወረዱ፣ ደርግ እነማን ነበሩ የሚለው ብዙ ተጽፎበታል። የአንቺ ሙያ ሌላ ነገር ይጠይቃል። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ሲባል፣ አንድ መንደር ውስጥ ምን ተፈጠረ? አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ አይሰጥም ይላል። መሬቱን የለካውስ ማን ነበር? የገበሬ ማኅበሩን የመራው ጭሰኛው ነው ወይስ የባላባቱ የእህት ልጅ? ባሏ የሞተባት ሴትስ ድርሻዋን አገኘች?

አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዶናልድ ዶንሃም አብዮቱ የደረሰበት ደቡብ ኢትዮጵያ፣ ማሌ ውስጥ ጥናት ላይ እያለ ነው። እዚያ በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ከተላኩት ተማሪዎች ጋር ቀድመው ከቆሙት መካከል የወንጌል አማኞች ነበሩ። ሶሻሊስትና ጴንጤ ባንድ ወገን! ይህን አዋጁን በማንበብ ብቻ አታገኚውም።

ደግሞ ቶሎ በዪ። ያኔ ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ ሰባን አልፏል። «ስለ አብዮቱ ይንገሩኝ» ብለሽ አትጀምሪ፤ የሬዲዮ ንግግር ነው የሚደግሙልሽ። «ያቺ ማሳ የማን ነበረች? ከዚያስ ማን አረሳት?» በያቸው። የታሰረና የተገደለ ዘመድ ያለበት ቤት ብዙ ነውና ስም ሳታስፈቅጂ አትጻፊ።

እንጀራው ጋ ስንመጣ፣ የዓለም ባንክ ገንዘብ ያለበት ፕሮጀክት ሰው ከመሬቱ የሚያነሳ ከሆነ ማኅበራዊ ተፅዕኖው መጠናት አለበት። ተነሺዎቹንም ማማከር ግዴታ ነው። ይህን የሚሠራው ሰው ከላይ የወረደ ትእዛዝ ቀበሌ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ማወቅ አለበት። ጽሑፍሽ የሚያስተምርሽ ይህንኑ ነው። ሲቪሽ ላይ ታዲያ «አብዮት አጠናሁ» አትበዪ። «በአንድ ቀበሌ የመሬት ይዞታ ለውጥ ላይ የመስክ ጥናትና ቃለ መጠይቅ አካሂጃለሁ» በዪ። ከኤክሴልና በስልክ መረጃ ከሚሰበሰብበት ኮቦ (KoboToolbox) ጋር ተዋወቂ፤ በእንግሊዝኛ ሪፖርት መጻፍም ተለማመጂ። የመጀመሪያው ሥራሽ በኮንትራት መረጃ መሰብሰብ ሊሆን ይችላል፤ አትናቂው።

ለአማካሪሽ ርዕሱን ከማስገባትሽ በፊት ቀበሌውን ምረጪ። ያለ አስተርጓሚ የምታወሪበት ቦታ ይሁን።