ዜማው ለምን ተመልሶ ይመጣል? ጥያቄና መልስ ከደሴ

መላሽ፦ ሰላም ናችሁ? ደሴ ውስጥ ቴአትር ሲሠራ ኪቦርድ እነካለሁ። የዛሬው ወሬያችን በዘፈን የሚሄድ ቴአትር ነው፤ አንድ ዜማ እየተመላለሰ ታሪኩን እንዴት እንደሚያግዝ። አስቀድሜ ልናገር፦ አዝማች ሌላ፣ ተመላላሽ ዜማ ሌላ። አታደባልቁብኝ። ጠያቂዎቹን በየመጡበት ሰፈርና ከተማ ስም ነው የምጠራችሁ።

ከሆጤ፦ ጋሼ፣ ሲደጋገም አይሰለችም?

መላሽ፦ እንዳለ ከደገምከው ይሰለቻል። በ1985 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የታየውን ሌ ሚዜራብል የሚባል የዘፈን ቴአትር ውሰድ። ዋናው ሰውዬ ቫልዣን ከእስር ወጥቶ የጳጳሱን የብር ዕቃ ይሰርቃል። ሲያዝ ጳጳሱ «እኔ ነኝ የሰጠሁት» ብለው ያስጥሉታል። ብቻውን ሲቀር ይዘፍናል፤ ሌላ ሰው ልሁን ብሎ ይወስናል። መጨረሻው አካባቢ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ሲያሳድደው የኖረው ፖሊስ ዣቬር በቫልዣን ምሕረት ከሞት ይተርፋል። እሱም ብቻውን ይዘፍናል። በምን ዜማ? በዚያው በቫልዣን ዜማ! ግን ምሕረቱ ከበደውና ራሱን ወንዝ ውስጥ ጣለ። ይሄን በንግግር ላስረዳ ብትል ይመሽብሃል።

ከሸዋበር፦ አዝማች ማለት ነዋ።

መላሽ፦ አይደለም! አዝማች እዚያው ዘፈን ውስጥ ነው የሚመለሰው። ይሄ ስንት ትዕይንት አልፎ በሌላ ሰው አፍ ይመጣል።

ከቧንቧ ውሃ፦ ጋሼ፣ የተማሪዎች ድራማ እያዘጋጀሁ ነው። የእናትየዋ ዜማ ትዝታ ነው። ልጇ ዓረብ አገር ስትሄድ ምን ላድርገው?

መላሽ፦ እሰይ፣ እንዲህ ነው መጠየቅ! መጀመሪያ በሜጀር ትዝታ አስገቢው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ቡና ሲፈላ፣ ጸጉር ስትሠራት፣ ሁለት ሦስቴ ይሰማ። ጆሮ ያልለመደውን ለውጠሽ ማንም አያውቅልሽም። ስትሄድ ሚንና ላን ብቻ ግማሽ ድምፅ አውርጂ፤ ማይነር ትዝታ ሆነ። ግጥም አትጨምሪበት፤ ዋሽንት ብቻውን ይንፋው።

ከኮምቦልቻ፦ ባቲ ብታደርገውስ? የኛ ቅኝት ነው።

ከሆጤ፦ ባቲ የናንተ ሰፈር የሆነው መቼ ነው?

ከኮምቦልቻ፦ መንገዱ በኛ ነው የሚያልፈው!

ከሸዋበር፦ አምባሰልስ የማን ነው?

መላሽ፦ አቦ ተዉኝ! ጥያቄ ያለው?

ከፒያሳ፦ ዌስት ሳይድ ስቶሪስ?

መላሽ፦ እሱም የዘፈን ቴአትር ነው፤ የ1957 እ.ኤ.አ.። ሁለት ቡድን ይጣላል፤ ልጁ የወደዳትን «ማሪያ» ብሎ ሲዘፍን ከዶ ወደ ፋ ሻርፕ (ከፋ በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለው) ይዘላል፤ ይቆረቁራል፤ ከዚያ ሶል ላይ ያርፋል። ያንኑ ዝላይ የቡድኖቹ ጠብ ሙዚቃ ውስጥም ታገኘዋለህ። ሂድና ስማው።

ከሸዋበር፦ ጥሩ ሙዚቃ እንዴት ይሠራል?

መላሽ፦ ይሄ ጥያቄ ነው? እለፈኝ።

ከቧንቧ ውሃ፦ ጋሼ፣ ልጅቱ መጨረሻ ላይ ትመለሳለች እኮ።

መላሽ፦ አብሽሪ። ሚን መልሺ፣ ላ ግን እንደወረደች ትቆይ። ሞክሪውና ነገ ንገሪኝ።