ዝናቡን የሰረዝኩት እኔ ነኝ

ለምትጽፉ ልጆች፣

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት «የሌላ ሰው ድርሰት መቀጠል ነውር ነው ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምሳሌ አድርጋ ያነሳችው «ዎችሜን»ን፣ የሌሎችን የሥዕል ልቦለድ የቀጠለውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ፣ ነበር። ቶሎ መመለስ አቃተኝ። ሌላ ነገር ትዝ አለኝ።

በወጣትነቴ የሬዲዮ ድራማ እጽፍ ነበር። አንድ አንጋፋ ደራሲ የጀመሩት ተከታታይ ድራማ ነበር። እሳቸው ሲታመሙ ቀሪውን እንድጽፍ ለእኔ ተሰጠኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ድራማው ውስጥ አንድ ዘበኛ አለ። ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር የያዘውን ጥሎ ደጅ ይወጣል። ሰው ሁሉ ሲገባ እሱ ይወጣል። ለምን እንደሚወጣ የትም አልተጻፈም። በዚያ ላይ ድምፁን መሥራት ጣጣ ነበር። በብረት ትሪ ላይ ሽምብራ በቀስታ እናፈሳለን። እጅ ትንሽ ከፈጠነ ዝናብነቱ ይቀርና ሽምብራ መሆኑ ያስታውቃል። አንድ ቀን ሦስት ጊዜ ተበላሸብን። እኔም ቀይ እስክሪብቶ አንስቼ ዝናቡን ከነዘበኛው ሰረዝኩት። ደራሲው ቤት ለመድረስ በታክሲ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ሄጄ አልጠየቅኳቸውም።

በኋላ ብርቱካን ይዤ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ትንሿ ሬዲዮ ትራሳቸው አጠገብ ነበረች። «ጎበዝ ነሽ፣ እየሰማሁሽ ነው» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው «ዝናቡስ?» አሉ።

«ጋሼ፣ ታሪኩን ብዙም አላስኬደውም፤ ቀነስኩት።»

«እሺ ልጄ» አሉ። ከዚያ አንድ ብርቱካን አንስተው መላጥ ጀመሩ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ልጣጩን ግን ሳይበጥሱ በአንድ ወጥ ጨረሱትና ግማሹን ሰጡኝ። ዘበኛው ለምን እንደሚወጣ ያን ጊዜ ብጠይቃቸው ይነግሩኝ ነበር። እኔ ግን ቀረጻ እንዳይረፍድብኝ ተነሳሁ። ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ።

«ዎችሜን»ን ያየሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አለን ሙርና ዴቭ ጊበንስ የሥዕል ልቦለዱን በፈረንጆቹ 1986 እና 1987 በአሥራ ሁለት ክፍል አወጡት። እዚያ ውስጥ አንድ ጭምብለኛ ጀግና አለ። አንገቱ ላይ የመስቀያ ገመድ አስሮ ነው የሚዞረው። ማንነቱ በእርግጠኝነት አይነገርም፤ የሰርከስ ጉልበተኛ ሳይሆን አይቀርም የሚል ጥርጣሬ ብቻ ይነሳል።

የድራማ ጸሐፊው ዳሞን ሊንደሎፍ በፈረንጆቹ 2019 ኤችቢኦ ለሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ታሪኩን ሲቀጥል ያንን ገመድ አልጣለውም። ይህ ገመድ ከየት መጣ ብሎ ጠየቀ። ስድስተኛው ክፍል መልሱን ያሳየናል። በ1938 ኒውዮርክ ውስጥ ዊል ሪቭስ የሚባል ጥቁር ፖሊስ አለ። የሥራ ባልደረቦቹ ፊቱን በጭምብል ሸፍነው ዛፍ ላይ ይሰቅሉታል፤ ነፍሱ ሳትወጣ ገመዱን ይቆርጡታል። ገመዱ አንገቱ ላይ እንዳለ ወደ ቤቱ ሲሄድ የሰው ጩኸት ይሰማል። ያንኑ ጭምብል አጥልቆ ይደርስላቸዋል። በኋላም ነጭ እንዲመስል ዓይኑ ዙሪያ ነጭ ይቀባል። ለዚያ ክፍል ድርሰት ሊንደሎፍና ኮርድ ጀፈርሰን በ2020 ኤሚ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ተሸልመዋል። እኔ ሳየው እንባዬ መጣ። የመጣብኝ ዘበኛው ነበር።

ዊል ሪቭስ ልጅ ሳለ በአሜሪካዋ የቱልሳ ከተማ ከደረሰው እልቂት የተረፈ ነው። ቱልሳ የተፈጠረ ታሪክ አይደለም። በፈረንጆቹ 1921፣ ከሜይ 31 እስከ ጁን 1፣ ነጮች የጥቁሮቹን ሰፈር ግሪንዉድን አቃጠሉት። ሠላሳ አምስት ብሎክ ያህል ወደመ። የሞቱት እስከ ሦስት መቶ እንደሚደርሱ የሚገምቱ የታሪክ ሰዎች አሉ። ለብዙ አሥርት ዓመታት ግን ነገሩ ተዳፍኖ ነው የቆየው። ብዙ አሜሪካውያን ራሳቸው መጀመሪያ የሰሙት ከዚህ ድራማ ነው።

የዛሬ ልጆች የምታስከፉኝ አንድ ነገር አለ። ዋናውን ሳታነቡ የአሥር ደቂቃ ማጠቃለያ ቪዲዮ አይታችሁ «ገብቶኛል» ትላላችሁ። ማጠቃለያ ውስጥ መጀመሪያ የሚወድቀው እኮ ገመዱ ነው፤ ዝናቡም እንደዚያው። ደግሞ ድራማው በዘጠኝ ክፍል አለቀ፤ ሊንደሎፍ መናገር የፈለግሁትን ተናገርኩ ብሎ ተወው። እናንተ አሁንም «ሲዝን ሁለትስ?» ትላላችሁ።

የሰው ድርሰት ከመንካታችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ እላለሁ። አለን ሙር ግን ማንም ሥራውን እንዲቀጥልበት አልፈለገም፤ ስሙም ድራማው ላይ የለም። እንደ እኔ ምክር ቢሆን ያ ስድስተኛ ክፍል አይጻፍም ነበር። ባይጻፍ ደግሞ ይቆጨኛል። ሁለቱን ማስታረቅ አልቻልኩም፤ ሁለቱንም ግን ከልቤ ነው የምላችሁ።

ለልጅቷ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ዝም ብላ ከቆየች በኋላ፣ መቀጠል የፈለገችው አክስቷ ጀምረው የተዉትን ልቦለድ መሆኑን ነገረችኝ። አክስትየው በሕይወት አሉ፤ ደብረ ብርሃን ነው የሚኖሩት።

ዛሬ ማታ ደውዪላቸው፣ ነገ ሂጂ አልኳት። መኪናው ከላምበረት ይነሳል።