ካልሲዋን አውልቂና እዪ

ከሐረር የጠየቅሽው እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እናትሽን ስትሮክ ከመታት ሰባት ወር ሆኗታል። ቀኝ ጎኗ አይታዘዝላትም። ሌሊት ሌሊት ትቃዣለች። አንቺ ሥራ አለሽ፣ ልጆች አሉሽ። ወንድሞችሽ ከውጭ ሆነው "እኛ እንከፍላለን፣ አንቺ ጥሩ የአረጋውያን መንከባከቢያ ፈልጊ" ብለውሻል። አዲስ አበባ አንድ ትልቅ ቦታ፣ ድሬ ደግሞ አንድ አነስ ያለ ቤት አግኝተሻል። "ጥሩውን ከመጥፎው በምን ልለየው?" ነው ያልሽው።

እኔ አባቴን ይዤ በዚሁ መንገድ አልፌያለሁ። አንዴ ተሳስቻለሁ፣ አንዴ ተሳክቶልኛል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ግን ይሄን ልበልሽ። "ሰው ምን ይለኛል" የምትለዋን ነገር ጻፍ አድርገሽ አልፈሻታል፤ እኔ ግን አይቻታለሁ። አክስቴ ሦስት ወር ሙሉ አላናገረችኝም። "አባትሽን ጣልሽው" አለችኝ። አልጣልኩትም። ብቻዬን ሳነሳው ሁለት ጊዜ አብረን ወድቀናል። የደም ግፊት መድኃኒቱን ከሥራ እስክመለስ እያዘገየሁበት ነበር። ቤት ማቆየት የሚቻለው ቤት ውስጥ ሰው ሲኖር ነው። እናትሽን የሚያነሳት፣ የሚያገላብጣት፣ የሚያበላት ሰው መፈለግሽ መጣል አይደለም።

አሁን ወደ ስህተቴ። የመጀመሪያውን ቦታ የመረጥኩት በዓይኔ ነው። አዲስ አበባ ነበር። ሴራሚኩ ያበራል። ሳሎኑ ትልቅ ቴሌቪዥን አለው፣ ግቢው ጽጌረዳ ነው። ኃላፊው ሻይ ጋብዞ፣ ክፍሎቹን አስጎብኝቶ ሸኘኝ። የሄድኩት ቀጠሮ ይዤ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ሁሉም ታጥበው፣ ንጹሕ ለብሰው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ከዚያ በላይ ምን ልጠይቅ? የወሩን ክፍያ ሰጥቼ ወደ ድሬ ተመለስኩ።

በስድስተኛው ሳምንት ሳልናገር ሄድኩ። አባዬ አልጋ ላይ ነው። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጥቅጥቅ ያለ የሱፍ ካልሲ አድርገውለታል። "እግሬ" አለኝ። ካልሲውን ሳወልቀው አልመጣ አለኝ፤ ከተረከዙ ጋር ተጣብቋል። በውሃ አርሼ ቀስ እያልኩ አላቀቅኩት። ተረከዙ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ጥቁር፣ ደረቅ ቁስል አለ። አስታማሚዋን ስጠራት "ትናንት አልነበረም" አለችኝ። ያን ያህል ጠቁሮ የደረቀ ቁስል የአንድ ሌሊት አይደለም። በእሷ ግን አልፈረድኩባትም። በዚያ ፈረቃ ብቻዋን 19 ሰው ይዛ ነበር።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ የገባኝ የመድኃኒት ካርዱን ሳነብ ነው። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ "ሌሊት ይቀባዥራል" ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ የማስተኛ መድኃኒት ታዟል። አባዬ የሸመንደፈር ሰው ነው፤ ዕድሜውን ምድር ባቡር ውስጥ ያሳለፈ። በሥራ አማርኛ፣ ከፈረንሳዮቹ ጋር ትንሽ ፈረንሳይኛ ያወራ ነበር። እናቱ ያሳደገችው ግን በኦሮምኛ ነው። ከታመመ ወዲህ ሌሊት ላይ አፉ የሚመለሰው ወደዚያ ነው። የሌሊቷ ልጅ ኦሮምኛ አትሰማም። "ምንድን ነበር የሚለው?" ብዬ ጠየቅኳት። "ቢሻን ቢሻን ይላል" አለችኝ።

ቢሻን ውሃ ነው። አባቴ ውሃ ሲጠይቅ የእንቅልፍ ኪኒን ተሰጠው። ኪኒኑ ሲያስተኛው መገላበጥ ተወ። ተረከዙ ከፍራሹ ሳይነሳ አደረ። ውሃም ስላልጠጣ ቆዳው ደከመ። ይሄን እስከ ዛሬ ስጽፈው ደረቴ ይጨንቀኛል።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት የምጠይቅሽ ይሄን ነው፦ እናትሽ ሌሊት የምትቃዠው በምን ቋንቋ ነው? በጌይ ሲናን (በሐረሪ ቋንቋ) ከሆነ፣ የሌሊቱ ፈረቃ ላይ የሚሰማት ሰው አለ? ሁሉንም ቋንቋ የሚችል ሰው አይገኝም። ግን ውሃ፣ አመመኝ፣ ሽንቴ መጣ፣ በረደኝ የሚሉትን ቃላት በወረቀት ጽፈሽ አልጋዋ ራስጌ መለጠፍ ትችያለሽ። ቃሉን በእሷ ቋንቋ፣ ትርጉሙን በአማርኛ። እኔ በኋላ ያደረግኩት እሱን ነው። በሕመም አእምሮው የደከመ ሰው በኋላ የለመደው ቋንቋ ቀድሞ ሊጠፋው፣ የልጅነቱ ሊቀርለት ይችላል።

ታናሽ ወንድሜ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ናርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ይሠራል። ስልክ ላይ እያለቀስኩ ስነግረው "ያየሽው ሕንፃውን ነው። ሌሊት ማን እንዳለ ጠይቀሻል?" አለኝ። አልጠየቅኩም ነበር። እነሱ ዘንድ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ለእያንዳንዱ ናርሲንግ ሆም ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጣል። ኮከቡ የሚወጣው ከቁጥጥር ውጤት፣ ከሠራተኛ ብዛትና ከሕሙማኑ የጤና መለኪያዎች ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ስንት ሠራተኛ ይገባል፣ ስንቱስ ሥራውን ለቆ ይሄዳል የሚለውም ተጨምሯል። ወንድሜ ግን ባለ 5 ኮከቡንም ገብተሽ ሳታዪ አትመኚ ይላል። እኛ ዘንድ ኮከቡን የምትሰጪው አንቺው ነሽ፤ ጥያቄያቸውን ግን መውሰድ እንችላለን። ሌሊት ስንት ሰው ለስንት ሕመምተኛ? እሁድስ? እዚህ ከሁለት ዓመት በላይ የሠራ አስታማሚ አለ? ይሄን ኃላፊውን ብቻ ሳይሆን አስታማሚዎቹንም ለየብቻ ጠይቂያቸው። መልሱ ካልገጠመ ገብቶሻል።

ሁለተኛውን ቤት እዚሁ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር አገኘሁት። ጡረታ የወጣች ነርስ የምትመራው፣ ስምንት ሰው ብቻ የሚይዝ ቤት ነው። ሴራሚክ የለውም። የሄድኩት ሳልደውል፣ ግንቦት ላይ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። የድሬን የግንቦት ሙቀት ታውቂዋለሽ። መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል። አንዲት ልጅ ፎጣ በውሃ እያራሰች የአንድ አዛውንት አንገት ላይ ታደርጋለች። ነርሷ "ቁጭ በይ፣ መጣሁ" ብላኝ ሥራዋን ቀጠለች። የአንዲት እናት አንሶላ ገለጥ አድርጋ እግራቸውን በመዳፏ ያዘች። ተረከዛቸውን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው፣ ለቀቀችው፣ አየችው። ከዚያ ሌላኛውን። ከዚያ ባታቸው ሥር ትራስ አስገብታ ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ አደረገች። ግድግዳው ላይ በእስክሪብቶ የተሠመረ ወረቀት አለ። "8፡00 ግራ" የሚለው ሥር "10፡00 ጀርባ" ብሎ የሚሞላ ቦታ አለው። እኔ ዋጋውን ሳልጠይቅ በልቤ የወሰንኩት እዚያ ቆሜ ነው።

ምን እንዳየች በኋላ አስተማረችኝ። ቁስሉ የሚጀምረው አጥንት ከፍራሽ በሚነካበት ቦታ ነው፦ ተረከዝ፣ ዳሌ፣ ከወገብ በታች ያለው የጀርባ መጨረሻ። ነጣ ባለ ቆዳ ላይ መጀመሪያ ይቀላል፤ በጣት ሲጫኑት ቅላቱ አይጠፋም። በእኛ ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ይችላል። ከአካባቢው ጠቆር ብሎ፣ ሞቅ ብሎ ወይም ጠጠር ብሎ ነው የምታገኚው። ስለዚህ በዓይን ብቻ ሳይሆን በእጅሽ ዳስሺ። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ገደማ መገላበጥ አለበት። የአየር ፍራሽ ይረዳል፤ መገላበጥን ግን አያስቀርም። ልትመርጪ ስትሄጂ የሌላ ሰው አካል ገልጠሽ ማየት አትችይም። ግን "አሁን እዚህ ቁስል ያለበት ሰው አለ? እንዴት ነው የምታክሙት?" ብለሽ ጠይቂ። በግልጽ የሚያስረዳሽ ሰው "እኛ ጋ ቁስል የሚባል ነገር የለም" ከሚልሽ ይሻላል።

ውሃን ቀላል ነገር አታድርጊው። ሰው ሲያረጅ ጥማት በደንብ አይሰማውም። ሳይጠየቅ መጠጣት አለበት። ሐረር ደጋ ነው፤ ድሬ ደግሞ ከሐረር ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፣ ሙቀቱም ሌላ ነው። እናትሽ ሐረርን የለመደች ሰው ስለሆነች የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብዷታል። ውሃ ያጠረው አዛውንት ግራ ይጋባል፣ ይቀባዥራል፣ የሽንት ኢንፌክሽንም ሊከተለው ይችላል። ብርጭቆው የት እንደተቀመጠም እዪ። የእናትሽ ደኅናው እጅ ግራው ነው። ብርጭቆው በቀኟ በኩል ካለ ለእሷ የለም ማለት ነው። ውሃ ካልወደደች የሐረር ትኩስ መጠጦቹ ቁጢም ሆጃም ፈሳሽ ናቸው፤ የለመደችውን ያፍሉላት።

የምግብ ሰዓት ላይ መገኘት አለብሽ። ስትሮክ የመታው ሰው መዋጥ ሊያስቸግረው ይችላል። ተኝቶ ከበላ ትን ይለዋል፤ ምግቡ ወደ ሳንባ ከገባ ደግሞ የሳንባ ምች ያመጣል። ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነው መብላት ያለባት፣ ከበላችም በኋላ ወዲያው አትተኛም። አስታማሚዋ ቆማ በጥድፊያ ታጎርሳለች ወይስ ተቀምጣ እስክትውጥ ትጠብቃለች? ይሄ አሥር ደቂቃ ቁጭ ብለሽ የምታይው ነገር ነው።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል። ዳይፐርና መድኃኒት ማን እንደሚገዛ በውሉ ይጻፍ። የማስተኛ መድኃኒት ሳትጠየቂ እንዳይሰጥ በጽሑፍ አስፈርሚ። ሌሊት ቢብስባት በምን መኪና የት ሆስፒታል እንደሚወስዷት ስሙን ይንገሩሽ። ኢንሱሊን የምትወስድ ከሆነ መብራት ሲጠፋ የት እንደሚያስቀምጡት ጠይቂ። ሶላቷንና ጾሟን፣ ውዱዕ የሚያስደርጋትን ሰው አስቀድመሽ ተነጋገሪ።

"በማንኛውም ሰዓት ብመጣ ትከፍቱልኛላችሁ?" የሚለውንም አትርሺ። የመጀመሪያው ቦታ የጉብኝት ሰዓት ነበረው። የሳቢያኗ ነርስ "ስትፈልጊ ነይ፣ በሩ የሚቆለፈው ለሌባ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነበር። አንዴ ከምሽቱ 5 ሰዓት በባጃጅ ሄጄ አንኳኩቻለሁ። ተከፈተልኝ። አባዬ በጎኑ ተኝቷል፣ በጉልበቶቹ መሃል ትራስ አለ። ልጅቷ "አባባ፣ ልጅህ መጣች" አለችው። በእኛው በድሬ "አንተ"። አዲስ አበባ በትሕትና አንቱ ሲሉት እንግዳ ሰው ያናገሩት ይመስለው ነበር።

ተረከዙ ለመዳን አራት ወር ፈጀ። ግን ዳነ። እዚያ ቤት አንድ ዓመት ከስምንት ወር ኖሮ፣ ሙሉ ቆዳ ይዞ ነው ያረፈው።

አንቺ ከሁለቱ የቱን ብትዪኝ፣ እኔ ድሬን እላለሁ፤ በእርግጥ ቤቱን አይተሽ ካመንሽበት። ምክንያቴ ቅርበቱ ነው። ከሐረር ድሬ የደንገጎን ቁልቁለት ወርደሽ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅብሽ ነው። በሳምንት ሁለቴ ትደርሺያለሽ። አዲስ አበባ ያለውን ቦታ የምታይው በወር አንዴ፣ ያውም ተናግረሽ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠየቅ ሰው በደንብ ይያዛል፤ ይሄን ወንድሜም ከዚያ ማዶ ሆኖ ይመሰክራል። የድሬው ቤት ካላሳመነሽ ግን ለቅርበቱ ብለሽ አታስገቢያት።

በዚህ እሁድ ሂጂ፤ አትደውዪላቸው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ራት ሲቀርብ ብትደርሺ ሠራተኛው ሲሳሳ፣ ምግቡ ሲቀርብ፣ ሌሊቱ ሲጀምር ሁሉንም ታያለሽ። ብቻሽን መግባት ከከበደሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። እኔ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ነኝ፣ አብሬሽ እገባለሁ።