ከእስር የወጣው ወንድሜ በር አይከፍትም

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜ ስምንት ዓመት ታስሮ በጥቅምት በአመክሮ ተፈታ። እልል ብለን ተቀበልነው፤ እሱ ግን በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆነ። ገና ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ይላል። እኛ ገና ሳንጀምር በልቶ ይጨርሳል። በር ተዘግቶ ካገኘው ሰው እስኪከፍትለት ቆሞ ይጠብቃል። እናታችን ፀበል እንውሰደው ትላለች። ወንድሜ አብዷል? (ስሜ ይቆይ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ አላበደም። የጻፍሽልኝ ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ ትክክለኛው ነገር ነበር። ማልዶ የሚነሳው ለእስረኞች ቆጠራ ነው። ቶሎ የሚበላው ቀስ ብሎ መብላት እዚያ ስለማያዋጣ ነው። በርማ እስረኛ አይከፍትም፤ ይከፈትለታል፣ ይዘጋበታል። ስምንት ዓመት ሙሉ መቼ እንደሚተኛ፣ የት እንደሚቆም፣ ጠያቂ ሲመጣ ስንት ደቂቃ እንደሚያወራ ሌላ ሰው ሲወስንለት የኖረ ሰው፣ ዛሬ "ምን ልሥራልህ?" ስትዪው "ያለውን" ብሎ ዝም ቢል አኩርፎሽ እንዳይመስልሽ። እስር ቤት ውስጥ ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ባለሙያ ዶናልድ ክሌመር ይህን ነገር እ.ኤ.አ. በ1940 ጽፎታል፤ እስረኛው የግቢውን ልማድ ቀስ በቀስ የራሱ ያደርገዋል ይላል።

ጨለማ ቤት ገብቶ ከነበረ ነገሩ ይከብዳል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ባጸደቀው የእስረኞች አያያዝ ደንብ (የማንዴላ ደንብ ይሉታል)፣ ሰውን በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለብቻው ዘግቶ ከ15 ተከታታይ ቀን በላይ ማቆየት ክልክል ነው። ግን አንቺ አትመርምሪው። ምርመራ ይበቃዋል።

የቤት ቁልፍ ስጪው፣ የራሱ ይሁን። ትንንሽ ውሳኔ ለእሱ ተዪለት፤ ሽንኩርቱን ከየት እንደሚገዛም ቢሆን። ዘመድ አዝማድ እየጠራችሁ "እንኳን ለቤትህ አበቃህ" ማለቱን ለጊዜው ቀነስ አድርጉት፣ ጫጫታው ያስጨንቀዋል። ፀበሉን አልቃወምም፣ እሱ ራሱ ከፈለገ። ቅዠት ካለበትና ወር አልፎም ካልለቀቀው፣ መጠጥ ካበዛ ወይም "ብሞት ይሻል ነበር" ማለት ከጀመረ ግን ነገ ዛሬ ሳትሉ ሐኪም ጋ ውሰዱት። የግድ አማኑኤል ድረስ መምጣት የለባችሁም፤ መጀመሪያ አቅራቢያችሁ ያለው ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪም እንዳለው ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የማረሚያ ቤት ፖሊስ ነው። ልጆቹን "ተሰለፉ" ለማለት ምንም አልቀረው። ሌሊት እየተነሳ መቆለፊያ ይፈትሻል። ጓደኛዬ፣ ተማሪዎችን እስር ቤት ጠባቂ ሲያደርጓቸው በሳምንት ጨካኝ ሆኑ የሚል ቪዲዮ አሳየችኝ። ባሌም እንደዚያ ሆኖ ነው? የጡረታውስ ነገር እንዴት ነው?

መልስ፦ ያ ቪዲዮ ስንቱን አስደንግጧል መሰለሽ! ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1971 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ሙከራ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያው ፊሊፕ ዚምባርዶ ለሁለት ሳምንት አቅዶት በ6ኛው ቀን አቆመው። ግን በኋላ የወጡ የድምፅ ቅጂዎችና ሰነዶች "ጠባቂዎቹ" ጠንከር እንዲሉ አስቀድሞ ተነግሯቸው እንደነበር አሳይተዋል፤ ሁሉም ጨካኝ ሆኑ የሚለውም እውነት አይደለም። ከ30 ዓመት በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ሲሞከር ጠባቂዎቹ መስማማት አቅቷቸው እስረኞቹ ገለበጧቸው። ስለዚህ ዩኒፎርም ብቻውን ሰውን አውሬ አያደርግም ባይ ነኝ።

ባልሽን የሚፈጀው ሌላ ነው። ጥቂት ሆነው ብዙ ሰው ይጠብቃሉ፣ ጀርባ መስጠት የለም፣ የሌሊት ተረኝነት አለ፣ ጠብና ደም ያያል፣ ያየውን ደግሞ ቤት አምጥቶ አያወራም። ንቃቱ ከዩኒፎርሙ ጋር አብሮ አይወልቅም። ሲገባ "እንዴት ዋልክ?" ብለሽ አትጠብቂው፤ ልብሱን ይቀይር፣ ግማሽ ሰዓት ዝም ይበል፣ ከዚያ ቡና ላይ እሱ ይጀምረው። ካልጀመረም ይለፍ። ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ማውራቱ ብዙ ጊዜ ከእኛ ምክር ይበልጣል።

ልጆቹ ላይ እጁን ካነሳ ግን ድካሙን ሰበብ አታድርጊለት፤ ያኔ ዝም ማለት የለም። መሣሪያ ይዞ የሚገባ ከሆነም የት እንደሚያስቀምጠው ዛሬውኑ ተነጋገሩ። ስለ ጡረታው የጠየቅሽውን ለሕግ ዓምዳችን አስተላልፌዋለሁ።