ሁለቱ ሞኒተር ላይ አንድ አይነት ምስል ለሚመጣባት እህት

ፖሊ አካባቢ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት የምታደርግ እህት ናት የጠየቀችኝ። ዩዝድ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 አላት፣ ኮር አይ5 3ኛ ጀነሬሽን። ሁለተኛ ሞኒተር ገዝታ ሱቅ ስትሄድ ለሁለት የሚከፈል የቪጂኤ ኬብል ሰጧት፣ ሰካችው፣ ሁለቱም በራ ግን እዚህ ያለው እዛም ያው ነው፣ ታይምላይኑን (ቪዲዮው እየተቆረጠ የሚቀጠልበትን መስመር) ባንዱ ቪዲዮውን በሌላው ማድረግ አልቻለችም። ኮምፒውተሩ አርጅቶ ነው ወይ ትላለች።

እህት ዓለም ኮምፒውተርሽ ምንም አልሆነም፣ ችግሩ ኬብሉ ነው። የሰጡሽ ነገር ስፕሊተር ይባላል፣ ካንድ ፖርት (ኬብል የሚሰካበት ቀዳዳ) የወጣውን ምስል ለሁለት ከማካፈል ውጪ ሌላ ስራ የለውም፣ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው አንድ ሞኒተር እንደተሰካበት ብቻ ስለሆነ ሴቲንግ ውስጥ ስትፈልጊ ብትውዪ ብታድሪ አታገኚውም። ለአዳራሽ ምናምን ጥሩ ነው፣ ላንቺ ስራ አይሆንም። ሁለት የተለያየ ምስል ከፈለግሽ ሁለት የተለያየ ፖርት ነው ሚያስፈልግሽ።

አሁን ማሽኑን አዙሪና ጀርባውን እዪ። ሰማያዊው ባለ 15 ቀዳዳ ቪጂኤ ነው። ሌላ ደግሞ ኤችዲኤምአይ የሚመስሉ ግን አንድ ጥጋቸው ብቻ የተቆረጠ ሁለት ፖርቶች አሉ፣ ዲስፕሌይፖርት ነው ስማቸው። ብዙ ሰው ኤችዲኤምአይ እየመሰለው በግድ ሲገፋባቸው ያበላሻቸዋል፣ አደራ። ሞኒተርሽ ኤችዲኤምአይ ካለው "ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ" ብለሽ ግዢ፣ ኮምፒውተሩ በኩል ዲስፕሌይፖርት፣ ሞኒተሩ በኩል ኤችዲኤምአይ። ይሄ ኬብል ባንድ አቅጣጫ ብቻ ነው ሚሰራው፣ ሻጩ ገልብጦ የተሰራውን ሰጥቶሽ ያው ነው ቢልሽ እሺ እንዳትዪ።

ሰክተሽ ስትጨርሺ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከፒ ፊደል ጋር አብረሽ ተጫኚና ኤክስቴንድ የሚለውን ምረጪ። ከዛ ዲስፕሌይ ሴቲንግስ ግቢ፣ 1 እና 2 የተፃፈባቸውን ሳጥኖች ሞኒተሮቹ ጠረጴዛሽ ላይ እንደተቀመጡት ጎትተሽ አስተካክዪ፣ አለበለዚያ ማውሱን ወደ ቀኝ ስትወስጂው ድንበር ላይ ይቆምብሻል።

ቪዲዮውን የምታዪው ግን በዲስፕሌይፖርት በተሰካው ላይ ይሁን፣ ታይምላይኑን ቪጂኤው ላይ ጣዪው። ቪጂኤ አናሎግ ስለሆነ ኬብሉ ሲረዝም ምስሉ ይደበዝዛል፣ የሰማያዊ ቀለሟ ፒን በደንብ ካልነካች ደግሞ ሁሉ ነገር ቢጫ ይመስላል፣ አንቺ የሙሽራዋ ቬሎ ቢጫ ሆነ ብለሽ ስታስተካክዪ ቤተሰቡ ስልኩ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ያየዋል፣ የሰርግ ቪዲዮ ደግሞ ሰው እድሜውን ሙሉ የሚያስቀምጠው ነገር ነው።

ወደፊት ሦስተኛ ሞኒተር ካማረሽ ማሽኑ ይችላል፣ ሁለቱን ዲስፕሌይፖርትና ቪጂኤውን ባንዴ መጠቀም ነው። ግራፊክስ ካርድ ካስገባሽ ግን ኬብሎቹን ካርዱ ላይ ሰኪ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ብዙ ጊዜ መስራት ያቆማሉ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን መብራቱ ነው። ኬዙን ስትነኪው ትንሽ የሚነዝርሽ ከሆነ ቤቱ ግራውንድ (ሾልኮ የወጣን መብራት ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ) የለውም ወይ ተበጥሷል ማለት ነው። እንዲህ አይነት ቤት ውስጥ ኮምፒውተሩን ካንድ ሶኬት ሞኒተሩን ከሌላ ሰክተሽ፣ ሁሉም በርቶ እያለ ኬብል ብታገናኚ ፖርቱ ሊቃጠል ይችላል። ጣና ዳር የሚሰራ አንድ ደንበኛዬ በዚሁ ምክንያት የተቃጠለ ፖርት ይዞልኝ መጥቷል፣ ሞኒተሩም አልተረፈም። ስለዚህ ሁሉንም ካንድ ዲቫይደር ሰኪ፣ ኬብል ስትነቅዪም ስትሰኪም አጥፍተሽ ከሶኬት ነቅለሽ ይሁን፣ ኤሌክትሪሺያን ጠርተሽም ግራውንዱን አሳዪ፣ ላንቺም ለእቃውም ነው።

ሱቅ ስትሄጂ የኮምፒውተሩንም የሞኒተሩንም ጀርባ በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ ሂጂ፣ ስፕሊተሩንም ይዘሽው ሂጂ ምናልባት ይቀይሩልሽ ይሆናል።